ስለ ክሮማቲንና ስለ እጽዋት ጂን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክረምት ላይ ቢቸና ቤተሰብ ዘንድ ስሄድ ግን ተፈታኙ እኔ ነኝ። አጎቴ ማሳው ዳር አቁሞ ይጠይቀኛል፣ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች፣ ተማሪዎቼ ደግሞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ይጽፉልኛል። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ተክል ካሉት ጂኖች የትኛውን መቼ እንደሚጠቀም በምን ያውቃል? አንዴ በደንብ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንን ልስጥ ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ክሮማቲን ሲባል ምን ማለት ነው?

እናታችሁ ጥጥ ስትፈትል አይታችሁ ከሆነ ግማሹን ታውቁታላችሁ። ፈትሉ ዝም ብሎ መሬት ላይ አይለቀቅም። እንዝርት ላይ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ልቃቂት ይሆናል። ካልተጠቀለለማ ተወሳስቦ ለሸማኔውም አይሆን። ዲኤንኤም እንደዚያ ነው፤ ጂኖቹ የተጻፉበት ረጅም ቀጭን ፈትል።

ርዝመቱን ለመገመት የዳቦ ስንዴን ውሰዱ። አንዱ የዲኤንኤ ቅጂ 17 ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለው (ፊደል የምለው ፈትሉ የተሠራባቸውን ኤ፣ ቲ፣ ሲ እና ጂ የሚባሉ አራት ኬሚካሎች ነው)። ሕዋሱ ከእናትም ከአባትም ስለሚወርስ የሚይዘው ሁለት ቅጂ ነው። ያንን ሁሉ ጫፍ ከጫፍ ብትዘረጉት 11 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከአንድ ሕዋስ ብቻ! የሚገባው ደግሞ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ገደማ ስፋት ባላት ኒውክለስ፣ በሕዋሱ አስኳል፣ ውስጥ ነው። የጤፍ ትንሽ ነው፣ ከ40 ሳንቲሜትር ብዙም አይርቅም። ቢሆንም ያው ለዚያች ቦታ ብዙ ነው።

መጠቅለያዎቹ ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። 8 ሂስቶኖች አንድ ላይ ሆነው እንደ ሸማኔ ቀሰም ይሆናሉ፣ በእነሱ ላይ 147 ገደማ ፊደል የሚሆን ዲኤንኤ ሁለት ዙር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይጠመጠማል። ይህች ጥቅል ኑክሊዮሶም ትባላለች። ከእሷ ቀጥሎ ትንሽ ባዶ ፈትል፣ ከዚያ ሌላ ጥቅል፣ ከዚያ ሌላ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ፈትሉም፣ ቀሰሙም፣ አብረው የተጣበቁት ሌሎች ፕሮቲኖችም ተደምረው ክሮማቲን ይባላሉ። ስሙን በ1880 አካባቢ ያወጣው ጀርመናዊው ዋልተር ፍሌሚንግ ነው። ቀለም ስለሚይዝለት ከግሪክኛው የ«ቀለም» ቃል ወሰደው። ምን እንደሚሠራ ግን ያኔ ማንም አያውቅም።

ሳልነግራችሁ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ኤች4 የሚባለው ሂስቶን በ102 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ በሉት) የተሠራ ነው። በ1969 የአተሩንና የጥጃውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያወዳድሩ የተለያዩት በ2 ቦታ ብቻ ነበር። አተርና ጥጃ! አጎቴ ይህንን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ለዚህ ነው አተሩ ላይ የሚሮጠው» አለኝ።

ቅጠሉም ሥሩም አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ካላቸው ለምን ይለያያሉ?

ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ደግሞም ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ጂን መኖሩ ብቻውን ምንም አያደርግም። መነበብ አለበት። የሚያነበው የፕሮቲን ማሽን ደግሞ መጀመሪያ ፈትሉን መንካት አለበት፤ ጥብቅ ብሎ በተጠቀለለበት ቦታ አይደርስበትም። ሥሩ የቅጠሉን ጂኖች አልጣላቸውም፣ ጠቅልሎ አስቀመጣቸው እንጂ። ቅጠሉም የሥሩን እንዲሁ። ሰምና ወርቅ ነው እንድላችሁ የምትጠብቁ ትኖራላችሁ፣ ጎጃሜ ስለሆንኩ። አልልም። ቅኔ ሁለቱን ትርጉም አንዴ ይዞ ይቀርባል፤ ሥሩ ግን የቅጠሉን ትርጉም ጭራሽ አያቀርብም።

የሚጠቀልለው አካል ቢጠፋስ? ተሞክሯል። ፖሊኮምብ የሚባሉ የፕሮቲን ቡድኖች አሉ፤ ሥራቸው «ይህ ጂን እዚህ አይፈለግም» ብሎ መዝጋትና ሕዋሱ ሲከፋፈልም እንደተዘጋ ማቆየት ነው። አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ አረም ላይ እነዚህን አጠፏቸው (የጎመን ዘርና የሰናፍጭ ዘመድ ናት፣ የእጽዋት ተመራማሪ ሁሉ የላብራቶሪ አይጥ)። ተክሏ ቅጠል መሆኗን ረሳች። ሕዋሶቿ መልክ የሌለው ጉብታ ሆኑ፣ አንዳንዱ ጉብታ ላይም ጽንስ የሚመስል ነገር ብቅ ብቅ አለ። ስለዚህ ቅጠል ቅጠል ሆኖ የሚኖረው ያለማቋረጥ እየተጠበቀ ነው።

ክፍት ነው ዝግ ነው ትላላችሁ፤ የሚከፍተው ምንድን ነው?

ሂስቶኖቹ ጭራ አላቸው። ከጥቅሉ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሕዋሱ እዚያ ጭራ ላይ ትንንሽ የኬሚካል ምልክቶች ይለጥፋል፣ መልሶም ይነቅላል። አሴቲል ከተለጠፈ ሂስቶኑ ፈትሉን የሚይዝበት ጉልበት ይቀንሳል፣ ጥቅሉ ይላላል፣ ጂኑም በአብዛኛው ይነበባል። ሜቲል ሲሆን ነገሩ የሚወሰነው በቦታው ነው። በኤች3 ሂስቶን 4ኛው ቦታ ላይ 3 ሜቲል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጂኑ ሥራ ላይ ነው። እዚያው ሂስቶን ላይ 27ኛው ቦታ ሲሆን ግን የፖሊኮምብ ማኅተም ነው፣ ዝግ ማለት ነው። አንድ ዓይነት ምልክት፣ የተለያየ ቦታ፣ ተቃራኒ ትርጉም። ፈተና ላይ ተማሪዎቼ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ዲኤንኤው ራሱም ሜቲል ይለጠፍበታል። እኛ ሰዎች ይህንን በዋናነት ሲ እና ጂ ፊደላት ተከታትለው በሚመጡበት ቦታ ብቻ ነው የምናደርገው። ተክል በሦስት ዓይነት የፊደል አቀማመጥ ላይ ያደርገዋል፤ ለዚህም 24 ፊደል የሚረዝሙ ትንንሽ አርኤንኤዎችን (አርኤንኤ የዲኤንኤ ዘመድ ነው) እንደ መንገድ መሪ ይልካል። እነሱን ለማምረት የሚያስፈልጉ፣ እጽዋት ብቻ ያሏቸው የአርኤንኤ ማሽኖች አሉ። በዚህ በኩል ተክል ከእኛ ይራቀቃል። አልተገረምኩም። ሮጦ ማምለጥ ለማይችል ፍጡር ያለበትን መልመድ ግድ ነው።

ሙቀትስ? እሱም ይገባበታል። ከመደበኛው ሂስቶን ይልቅ ኤች2ኤ.ዜድ የሚባል ተለዋጭ የሚገባባቸው ኑክሊዮሶሞች አሉ። በ2010 በአራቢዶፕሲስ ላይ እንደታየው ሙቀት ሲጨምር ይህ ተለዋጭ ከቦታው ይቀንሳል፣ የሙቀት ጂኖችም ይነሳሉ።

ስንዴ ብርድ ካላየ አያፈራም የሚባለው እውነት ነው?

አንዳንዱ ስንዴ፣ አዎ። ይህንን በራሴ ላይ ነው የተማርኩት።

ከዓመታት በፊት ውጭ አገር የሚማር ጓደኛዬ ሲመለስ አንድ እፍኝ ስንዴ ይዞልኝ መጣ። (ዘር ያለ ኳራንታይን ማስገባት ክልክል መሆኑን ሁለታችንም ያወቅነው ከረፈደ ነው። እናንተ እንዳታደርጉት።) ሰኔ መጨረሻ ላይ ጓሮዬ ዘራሁት። አበቃቀሉ ሸጋ ነበር፤ ቅጠሉ ጠቆረ፣ ከአንዲት ፍሬ ብዙ ግንድ ወጣ፣ መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ ያያል። መስከረም ላይ የሰው ስንዴ ዛላ ሲያወጣ የእኔ ሣር ነው። ጥቅምት፣ ሣር። ኅዳር፣ ሣር። ጎረቤቴ እማሆይ በአጥር አጮልቀው «ልጄ፣ ዘንድሮ ለበግ ነው የዘራኸው?» አሉኝ።

ነገሩ የአውሮፓ የክረምት ስንዴ ነበር (የእነሱ ክረምት እንደኛ የዝናብ ሳይሆን የበረዶ ወራት ነው)። እዚያ በመከር ይዘራል፣ በረዶ ውስጥ ይከርማል፣ ሲሞቅ ያብባል። ብርዱን ሳያይ ቢያብብ አበባውን በረዶ ይመታውና ያልቅለታል። ስለዚህ ለሳምንታት ብርድ ካልቆጠረ በቀር ዛላ አያወጣም፣ ወይም እጅግ ይዘገያል። ሳይንሱ ቨርናላይዜሽን ይለዋል።

በክሮማቲን በኩል ደግሞ እንዲህ ነው የሚሠራው። በደንብ የተጠናችው አሁንም አራቢዶፕሲስ ናት፤ እንግሊዝ አገር የካሮላይን ዲን ላብራቶሪ ዕድሜውን በዚህ ላይ ፈጅቷል ማለት ይቻላል። ተክሏ ኤፍኤልሲ የሚባል ጂን አላት፣ ሥራውም አበባን መከልከል ነው። ብርድ ሲመጣ ፖሊኮምብ ይህንን ጂን መዝጋት ይጀምራል፣ ያ የ27ኛው ቦታ ማኅተም ይመታበታል። የሚደንቀው አዘጋጉ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ትንሽ ትንሽ አይዘጋም። አንዱ ሕዋስ ጭራሽ ይዘጋል፣ ጎረቤቱ ገና ክፍት ነው። ብርዱ በረዘመ ቁጥር የተዘጉት ቁጥር ይበዛል። ተክሏ የክረምቱን ርዝመት የምትቆጥረው በሕዋስ ብዛት ነው ማለት ነው፣ ልክ ቀበሌ እጅ አስነስቶ እንደሚቆጥረው። ከዚያ ሲሞቅም ማኅተሙ እንዳለ ይቆያል፤ ሕዋሱ ቢከፋፈልም ልጆቹ ይወርሱታል። ለዚህ ነው አበባው ብርዱ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣው። ተክሏ አእምሮ የላትም፣ ነርቭ የላትም፣ ክረምቱን ግን ታስታውሳለች።

ስንዴና ገብስ ላይ አቅጣጫው ይገለበጣል። እነሱ ዘንድ ብርድ ከልካዩን ከመዝጋት ይልቅ ቪአርኤን1 የሚባለውን የማበቢያ ጂን ይከፍታል፦ የመዝጊያው ማኅተም ይነሳል፣ የ4ኛው ቦታ የሥራ ምልክት ይተካል። የእኛ አገር ስንዴ በአብዛኛው ይህ ጣጣ የለበትም። እንዲህ ያለው ስንዴ የጂኑ መቆጣጠሪያ ክፍል በጥንት ሚውቴሽን ተቆርጦ ወይም ባዕድ ቁራጭ ገብቶበት ያለ ብርድ የሚከፈት ሆኗል። የተሰበረ ቁልፍ ነው፤ ለእኛ ግን ሲሳይ ሆነልን።

ታዲያ ጮቄ ላይ ብዘራው ያፈራ ነበር?

ይህንን የጠየቀችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ጎበዝ ጥያቄ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ ብዙም አያስመካም። ነገር ግን የእኛ ደጋ ብርድ ከአውሮፓው ይለያል። እዚያ ብርዱ ወር ሙሉ ቀንና ሌሊት ነው። እዚህ ሌሊት ያንዘፈዝፍሃል፣ በአራት ሰዓት ፀሐይዋ ጀርባህን ትጠብሳለች፣ ጋቢህን ትጥላለህ።

ልዩነቱ ለተክልም ልዩነት ነው። በ2018 በአራቢዶፕሲስ ላይ የወጣ ሥራ እንዳሳየው ብርዱን ከሚመዘግቡት ጂኖች አንዱ፣ ቪን3 የሚባለው፣ የሚነሳው በቀን ውስጥ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በላይ ብቅ ሳይል ሲቀር ነው። ተክሏ የምታዳምጠው የሙቀትን መጥፋት ነው ማለት ነው። አንድ የቀትር ፀሐይ ቆጠራውን ያደናቅፋል። ስንዴ ሌላ ጂን ስለሚጠቀም ቁጥሩን እንዳለ አልገለብጥለትም፤ እንደ እኔ ግምት ግን ጮቄ ላይም በጎች ነበሩ የሚጠቀሙት።

ብርድ ያየ ስንዴ ልጁም ብርድ አያስፈልገውም?

ያስፈልገዋል። በአራቢዶፕሲስ ጽንሱ ሲፈጠር ኤፍኤልሲ እንደገና ይከፈታል፤ ሰሌዳው ይጠረጋል፣ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ክረምት ይቆጥራል።

አይ፣ ይወረሳል ብሎ የተከራከረ ነበር። የሶቪየቱ ትሮፊም ሊሰንኮ ዘሩን በማብረድ የክረምቱን ስንዴ ለዘለቄታው ብርድ ወደማይፈልግ ስንዴ እለውጣለሁ አለ። ሥልጣን ስለደገፈው የተቃወመው ሁሉ ተጎዳ። ከተጎዱት አንዱ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው፤ በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ስንዴያችንንና ገብሳችንን ሰብስቦ፣ አገራችንን ከዓለም የሰብል መነሻዎች አንዷ ያላት ሰው። በ1943 እስር ቤት ሞተ። ብርድ ስንዴን እንደሚያሳብብ ሊሰንኮ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ይወረሳል ሲል ነው። ይህንን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስናገር ሁሌም ጸጥታ ይሆናል።

የሚዘል ጂን የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ መስሏቸው ነበር፣ አዎ። ባርባራ ማክሊንቶክ አሜሪካ ውስጥ በ1940ዎቹ በቆሎ እያበቀለች ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ታያለች። ዥንጉርጉር የሆነ ፍሬ ታውቃላችሁ፤ ነጭ መደብ ላይ ሐምራዊ ነጥብ ነጥብ ያለበት። እሷ ያለችው ይህንን ነው፦ አንድ የዲኤንኤ ቁራጭ የቀለሙ ጂን ውስጥ ገብቶ አበላሽቶታል፣ ለዚህ ነው ነጩ። ፍሬው እያደገ ሳለ በአንዳንድ ሕዋስ ውስጥ ቁራጩ ነቅሎ ይወጣል፣ ጂኑ ይድናል፣ የዚያ ሕዋስ ልጆች ሁሉ ሐምራዊ ይሆናሉ። ነጥቡ እሱ ነው። ብዙዎች አልሰሟትም። የኖቤል ሽልማቱን በ1983 ስትወስድ 81 ዓመቷ ነበር።

ዛሬ የበቆሎ ዲኤንኤ 85 በመቶ ገደማው ከእንዲህ ዓይነት ዘላዮች የመጣ መሆኑ ታውቋል። ታዲያ ሁሉም ቢዘሉ በቆሎ የሚባል ነገር ባልኖረ። የሚያስቀምጣቸው ክሮማቲን ነው። ሜቲል ይለጠፍባቸዋል፣ ጥብቅ ብለው ይጠቀለላሉ፣ እነዚያ 24 ፊደል አርኤንኤዎች ዘብ ይቆሙባቸዋል። እኔ በበኩሌ ይህ ሁሉ የመዝጊያ ጓዝ መጀመሪያ የተፈጠረው ለዘላዮቹ ነው፣ ለሌላው ሥራ የዋለው በኋላ ነው ከሚሉት ጋር ነኝ።

አንዳንዴ ደግሞ ዘላዩ ይጠቅማል። የበቆሎ አያት ሜክሲኮ ውስጥ የሚበቅል ቴኦሲንቴ የሚባል፣ ቁጥቋጦ የሚመስል ሣር ነው። በቆሎ ግን አንድ ግንድ ነው። ለውጡን ካመጡት ዋነኛው ቲቢ1 የሚባለው፣ ቅርንጫፍን የሚገታው ጂን በኃይል መሥራቱ ነው። በኃይል እንዲሠራ ያደረገው ደግሞ ከጂኑ 60 ሺህ ገደማ ፊደል ርቆ የተሰካ አንድ ዘላይ ነው። ይህን ያህል ርቆ እንዴት ይደርሳል? ፈትሉ ስለሚታጠፍ ነው። በልቃቂት ላይ ሩቅና ሩቅ ያሉ ሁለት ነጥቦች ጎን ለጎን ሊገጥሙ ይችላሉ። በእንስሳት ውስጥ ይህንን እጥፋት ቆንጥጦ የሚይዝ ሲቲሲኤፍ የሚባል ፕሮቲን አለ፣ እጽዋት ግን ጭራሽ የላቸውም። በሌላ መንገድ ነው የሚያጥፉት።

ከምርጥ ዘር በቆሎ ያስቀረሁትን መልሼ ስዘራ የተዘበራረቀው ክሮማቲኑ ስለተፈታ ነው?

አይደለም። 540 ወይም 660 የሚባለውን ዲቃላ በቆሎ ዘርታችሁ ፍሬውን ለከርሞ ብታስቀሩ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ዛላው ጎዶሎ የሚሆነው የተዳቀሉት ወላጆች ጂኖች በልጆቹ ላይ ስለሚበታተኑ ነው። ተራ የሜንዴል ትምህርት ነው። አዲስ ቃል ተምረን ሁሉን ነገር በእሱ ማስረዳት ይቀናናል፤ እኔም ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ሰሞን እንዲሁ ነበርኩ።

የእናትና የአባት ጂን እኩል ነው የሚሠራው?

አብዛኛው እኩል። ከምንበላው የእህል ክፍል ላይ ግን ልዩ ነገር አለ። ዱቄት የሚሆነው ክፍል ኢንዶስፐርም ይባላል፤ ከእናት ሁለት፣ ከአባት አንድ ቅጂ ይወስዳል። እዚያ ውስጥ የአንዳንድ ጂኖች የእናት ቅጂ ብቻ ይነበባል፣ የአባቱ ተዘግቶ ይመጣል፣ ወይም በተቃራኒው። በ1970 ጄሪ ከርሚክል በበቆሎ ላይ ያሳየው አንድ የቀለም ጂን አለ፦ ከእናት ሲመጣ ፍሬው ሙሉ በሙሉ ቀለም ይይዛል፣ ያው ጂን ከአባት ሲመጣ ፍሬው ይዥጎረጎራል። ፊደሉ አልተለወጠም። በማን በኩል እንደመጣ ነው የተመዘገበው።

ዘንድሮ ዝናብ ያጠረው ጤፍ፣ ዘሩ ለከርሞ ድርቅ ይችላል?

የአጎቴ ጥያቄ ነው። በየዓመቱ ይጠይቀኛል፣ በየዓመቱም መልሴ ደስ አይለውም።

ሁለት ነገር እንለይ። ተክሉ በራሱ ዕድሜ ውስጥ ማስታወሱ የተረጋገጠ ነው። አንዴ ውኃ ጠምቶት የዳነ ተክል ለሁለተኛው ጥም ቶሎ ይነሳል፤ የድርቅ ጂኖቹ ላይ የ4ኛው ቦታ ምልክት ሳይነቀል ይቆያልና ማሽኑ ተጠግቶ ይጠብቃል። ወደ ልጅ ማለፉ ግን ሌላ ነገር ነው። ከጭንቀት የመጣ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይ በሁለት ትውልድ ይደበዝዛል። የተባዛ ዘር ሁሉ የዓመቱን መከራ ተሸክሞ ቢወለድ ደግሞ የጥሩ ዓመት ልጅ መሆን ራሱ ጣጣ ይሆን ነበር። የዘንድሮ ዘር የቀጨጨ ከሆነ ለከርሞ የምታጭዱት ድካሙን ነው። ዘር ከማሳው ምርጥ ቦታ ይመረጥ፣ አያቶቻችንም ያደርጉት የነበረው እሱን ነው። «ድርቅ የለመደ ዘር ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁ ነጋዴ ካለ ሒሳቡን ደግማችሁ አስቡ።

ይህ ማለት ግን በትውልድ የሚተላለፍ የሜቲል ለውጥ ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። እኛና ሌሎች አጥቢዎች ለልጅ ከማስተላለፋችን በፊት አብዛኛውን ሜቲል እንጠርጋለን። እጽዋት ያን ያህል አይጠርጉም። ስዊድናዊው የእጽዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1744 ስለ አንድ የዱር አበባ ጻፈ፣ ሊናሪያ የምትባል፣ አበባዋ ቀኝና ግራ ብቻ የሚመሳሰል ነው፤ ይህችኛዋ ግን ዙሪያዋን እኩል ነበረች። ግራ ገብቶት በግሪክኛ «ጭራቅ» ብሎ ፔሎሪያ አላት። ከ250 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1999፣ እንግሊዝ ውስጥ ጂኑን ሲመረምሩ አንድም ፊደል ከመልኩ ጋር አብሮ የሚለወጥ አላገኙም። ጂኑ በሜቲል ተዘግቷል፣ አለቀ። አንዳንዴ እዚያው ተክል ላይ ሜቲሉ ይቀንስና አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ድሮ መልኩ ይመለሳል። እኔ ይህችን አበባ አይቻት አላውቅም፣ ለማየት ግን ብዙ መንገድ እሄዳለሁ።

በላብራቶሪ የተባዛ ችግኝ ለምን አንዳንዴ እናቱን አይመስልም?

በቲሹ ካልቸር ድንች ወይም ሙዝ ሲባዛ ሕዋሶቹ ከለመዱት ሥራ ተነቅለው እንደገና እንዲጀምሩ ይደረጋል። ያኔ ምልክቶቹም ይናጋሉ። በጣም የታወቀው ኪሳራ የዘይት ዘንባባ ላይ የደረሰው ነው። ምርጡን ዛፍ በቲሹ ካልቸር አባዝተው ተከሉ፣ ዓመታት ጠበቁ፣ ፍሬው ሲመጣ ከአንዳንዱ ዛፍ ላይ የተበላሸና ዘይት የሌለው ሆነ። ምክንያቱ የታወቀው በ2015 ነው፦ አንድ የአበባ ጂን ውስጥ የተሸሸገ ካርማ («የሥራ ፍዳ» እንደ ማለት) የሚባል ዘላይ ሜቲሉን አጥቶ ነበር። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ምን እንደሚመጣ ያወቁ ይመስል።

ድንችና ሙዝ ላይ ነገሩ ቀለል ይላል፣ ምክንያቱም ጥንቃቄ ያለው ማባዣ ቤት ከነባር እምቡጥ ነው የሚጀምረው፣ መልክ በሌለው ጉብታ ውስጥ አያሳልፈውም። ችግኝ ስትገዙ መጠየቅ ያለባችሁም ይህንን ነው፦ ከእምቡጥ ነው ወይስ ከጉብታ? ምንድን ነው እሱ ካሏችሁ፣ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ጤፍስ?

ጤፍ 40 ክሮሞዞም አላት፤ የሁለት ጥንታዊ ሣሮች ዲኤንኤ አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። የዳቦ ስንዴ ደግሞ የሦስት፣ 42 ክሮሞዞም። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ለአብዛኛው ሥራ ሁለት ወይም ሦስት ሠራተኛ ተቀጥሯል ማለት ነው። ሁሉም እኩል ይሠራሉ? ስንዴ ላይ በ2018 ሲቆጠር ከሦስትዮሽ ጂኖቹ 30 በመቶ ገደማ እኩል አይሠሩም፤ አንዱ ይበዛል ወይም አንዱ ዝም ይላል። እኩል ባልሆኑት ዘንድ የፖሊኮምብ ማኅተምና ጂኑ ደጃፍ ላይ የተቀመጡ ዘላዮች በዝተው ተገኝተዋል።

የጤፍ ዲኤንኤ መጀመሪያ የተነበበው ፀደይ ከሚባለው ዝርያ ነው፣ በ2014። ከዚያ በ2020 ዳቢ የሚባለው ይበልጥ ተሟልቶ ወጣ። ፊደሉ አለን ማለት ነው። የቀረው የትኛው ገጽ መቼ ክፍት እንደሆነ በሥር፣ በአገዳ፣ በዛላ መለየት ነው። ጤፍ ሲያፈራ የሚተኛው አገዳው ስለማይችለው ነው፣ ስለዚህ እኔ ብጠየቅ ከአገዳው እጀምራለሁ። አዴት ምርምር ማዕከል ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ወጣቶች ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋብኝ የሚል ሰው መስማት ሰልችቶኛል።

በማይክሮስኮፕ ይታያል?

በጥቅሉ ይታያል። በቀለም የጠቆረውና ጥብቅ ያለው ክፍል ሄተሮክሮማቲን ይባላል፣ ኤሚል ሃይትዝ በ1928 ነው የሰየመው። የትኛው ጂን ክፍት እንደሆነ ግን በዓይን አይለይም። ዛሬ የሚጠቀሙበት አንዱ ዘዴ ደስ ይለኛል፦ ከባክቴሪያ ዘላይ ጂን የተወሰደ መቁረጫ ኢንዛይም ኒውክለሱ ላይ ይለቃሉ። መግባት የቻለበት ቦታ ይቆርጣል፣ ምልክትም ይሰካል። የተቆረጠውን ያነባሉ፤ ያ ክፍት ቦታ ነው። በተክል ላይ ፈተናው ክሎሮፕላስት ነው፣ በሕዋሱ ውስጥ ከፀሐይ ምግብ የሚሠራው አረንጓዴው ክፍል። የእሱ ዲኤንኤ በሂስቶን ስላልተጠቀለለ መቁረጫው ሄዶ እሱን ሲቀጠቅጥ ይውላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ኒውክለሱን ብቻ ለይቶ ማውጣት የግድ የሚሆነው፤ ስንት ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የክሎሮፕላስት ፊደል ብቻ ይዞ ተመልሷል።

ያ ስንዴ በመጨረሻ ምን ሆነ?

ታኅሣሥ ላይ ለእማሆይ በጎች ሰጠሁት። ለገና አንዱን በግ አረዱና ቅልጥሙን ላኩልኝ።